የጆን ናሽ ሕይወትና ዘጠኙ ጎጆዎች

እንግሊዛዊው የሕንፃ ባለሙያ ጆን ናሽ ይበልጥ የሚታወቀው በቤተ መንግሥት ሥራው ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናነሣው ለአረጁ አገልጋዮች ስለ ሠራቸው ጎጆዎች ነው።

ናሽ በ1752 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ተወለደ፤ አባቱ የወፍጮ ሠሪ ነበረ። በለንደን ያሠራቸው ቤቶች ተከራይ ስላጡበት በ1783 ከሠረ። ቢሆንም ተስፋ ሳይቆርጥ ወደ ዌልስ ሄዶ፥ ወህኒ ቤት ሳይቀር እየሠራ ስሙን አደሰ።

በ1810 ገደማ ጆን ሃርፎርድ የተባለ ባለባንክ፥ በብሪስቶል አጠገብ በሚገኘው በብሌዝ ርስቱ የጡረተኞች መንደር እንዲሠራለት አዘዘው። እንዲህ ያለው ያጌጠ ጎጆ በዚያ ዘመን የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ለጌታው ዓይን ማማር ነበር፤ በብሌዝ ግን ጌጡ ለሽማግሌዎች ማረፊያ ሆነ። ናሽ ዘጠኙን ጎጆዎች በመሥመር አልደረደራቸውም፤ በአረንጓዴ መስክ ዙሪያ አሰፈራቸው እንጂ። አንዱ ሌላውን አይመስልም፤ የአንዱ ክዳን ሣር፥ የሌላው ድንጋይ ነው። የጡብ ጢስ ማውጫዎቹ ረጃጅሞች ናቸው፤ በመስኩም ላይ የጋራ የውሃ መቅጃ ቆሟል።

ናሽ ከዚህ በኋላ የለንደንን ሪጀንት ስትሪትና የብራይተንን ቤተ መንግሥት ሠራ። የበኪንግሃም ቤተ መንግሥት ወጪ ግን ከልክ ስላለፈ፥ ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ በ1830 ሲሞቱ ከሥራው ተሰናበተ። በ1835ም ዕዳ ትቶ ሞተ።

ቤተ መንግሥቱን ተከታዮቹ ብዙ ለዋውጠውታል፤ ጎጆዎቹ ግን ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። ነገ የሕዝብን ገንዘብና ሥራ የሚረከቡ ወጣቶቻችን፥ የአንድ ሥራ ታላቅነት በወጪው ብዛት እንደማይለካ ከዚህ ሰው ሕይወት ይረዱታል ብለን እናምናለን።