ከጎንደር እስከ አባዲያ፦ አንቷን ዳባዲና የቱምቢው ጥያቄ

አንቷን ዳባዲ በኢትዮጵያ ጥናት ዘርፍ የሚታወቀው በሰበሰባቸው ከ230 በላይ የብራና መጻሕፍት፣ በ1881 ባሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላትና በካርታ ሥራው ነው። ከእነዚህ ጋር እምብዛም የማይነሣው፣ የሰማይ አካላት ስበትና የባሕር ሙላትና ጉድለት በቱምቢ መስመር ላይ ያላቸውን ተጽዕኖ ለማወቅ ያደረገው የረጅም ዘመን ምርምር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሰውየውን ሕይወት በዚህ ጥያቄ በኩል በመከተል፣ ጎንደር በምርምሩ ውስጥ ያላትን ስፍራ ያመለክታል። ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳባዲ በ1810 በደብሊን ከባስክ ተወላጅ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለደ፤ የተማረው በፈረንሳይ ነው። በ1837 የማግኔት መርፌን የዕለት ለውጥ እንዲያጠና በፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ተልኮ በብራዚል ኦሊንዳ ተቀመጠ። በዚያም አንድ ያልጠበቀውን ነገር ልብ አለ፦ በጽኑ መሠረት ላይ የተቀመጠ ስሱ ውሃ ልክ፣ ማንም ሳይነካው ከቦታው ፈቀቅ ይል ነበር።

በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ወርዶ ጎንደር ገባ። ከምጽዋ በዓድዋ በኩል የሚመጣው የነጋዴ መንገድ ተከዜን ተሻግሮ፣ ከድብ ባሕር አቀበቱን ይዞ በሊማሊሞ ወደ ደጋው ይወጣል። አገሩን በትክክል ለመለካት ይዞት የመጣው መሣሪያ እንደማይበቃ በመገንዘቡ ወደ አውሮፓ ተመለሰ፤ በ1840 የተሻሉ መሣሪያዎችን ይዞ ዳግም መጣ። እስከ 1848 ድረስ ከተራራ ተራራ እየተዘዋወረ በቴዎዶላይት አቅጣጫዎችን ለካ። በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጎንደር፣ በኋላም በእናርያ በምትገኘው ሳቃ፣ በኦሊንዳ ያየው ዓይነት እንቅስቃሴ እንደገና ታየው።

የጥያቄው ክብደት የሚታወቀው ከስበት ሕግ ጋር ሲያያዝ ነው። ጨረቃ ፊት ለፊቷ ያለውን የምድር ገጽ ከምድር እምብርት ይልቅ አጥብቃ ትስባለች፤ በተቃራኒው ወገን ያለውን ደግሞ አላልታ። ባሕርን በቀን ሁለት ጊዜ የሚያስነሣው ይህ ልዩነት ነው። የፀሐይ ድርሻ ከጨረቃዋ ግማሽ ጥቂት ያንሳል፤ ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ሁለቱ ተደምረው ሙላቱን ያበረታሉ። ይኸው ኃይል የቱምቢን ክር ያዘነብላል፤ ነገር ግን በጨረቃ ምክንያት የሚመጣው ትልቁ ዝንባሌ ከአንድ የማዕዘን ሰከንድ መቶኛ ሁለት እጅ አይሞላም። ይህም 10 ሜትር በሚረዝም ቱምቢ ጫፍ ላይ ከሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ያነሰ ፈቀቅታ ነው።

ዳባዲ ይህን ለመመርመር ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ፣ በኦንዳይ ከተማ አጠገብ፣ አባዲያ የተባለ ግንብ አሠራ። ከ1864 እስከ 1879 የተገነባው ይህ ቤት የአማርኛ ጽሑፎችና የኢትዮጵያ ሕይወት ሥዕሎች የሚታዩበት ቢሆንም የከዋክብት መመልከቻም ጭምር ነበር። በውስጡም 10 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው መሣሪያ አቆመ፤ ከታች ገንዳ ባዜቃ፣ ከላይ ሌንስና ማይክሮስኮፕ ነበረው። ባዜቃው ምንጊዜም ከቱምቢው አንጻር ዝርግ ሆኖ ስለሚረጋ፣ በላዩ የሚንጸባረቀው ምስል ሲፈናቀል ወይ ቱምቢው ወይ መሬቱ ዘንብሏል ማለት ነው።

ከባሕር ሙላትና ጉድለት ጋር ካነጻጸራቸው 359 ምልከታዎች መካከል 243ቱ የሞላው ውሃ ቱምቢውን ወደ ባሕር ይስባል ከሚለው ሐሳብ ጋር ተስማሙ። የቀሩት 116 ግን ወይ ተቃረኑ ወይ ምንም አልወሰኑም። ዳባዲ የማይመቹትን ቁጥሮች አልሸሸገም። በካምብሪጅ ተመሳሳይ ሙከራ ያደረገው ጆርጅ ዳርዊንም ውጤቱን በ1880ዎቹ ዘገባው ውስጥ አካተተው።

በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አመለካከት የጎንደር ምልከታ ዋጋ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። አባዲያ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንቅስቃሴውን ሁሉ በውቅያኖሱ ማመካኘት በተቻለ ነበር። ጎንደር ግን ከቀይ ባሕር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚያም ውሃ ልኩ ከተንቀሳቀሰ፣ የባሕር ውሃ ብቸኛው ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ የሙቀት መለዋወጥና የመሬቱ የራሱ እንቅስቃሴም መቆጠር አለባቸው። ለ116ቱ ያልተስማሙ ምልከታዎች መልሱ የሚፈለገውም በዚሁ አቅጣጫ ነው።

ዳባዲ በ1892 የሳይንስ አካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1897 በፓሪስ ዐረፈ። ግንቡንና የብራና መጻሕፍቱን ለአካዳሚው አወረሰ፤ መጻሕፍቱም ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የጨረቃን ስበት ከመሬቱ ሌላ እንቅስቃሴ ለይቶ ማውጣት የተቻለው ከእርሱ በኋላ በተሠሩ ስሱ ፔንዱለሞች ነው። ይሁንና የዚህ ምርምር ታሪክ ሲጻፍ ከኦሊንዳና ከአባዲያ መካከል ጎንደርና ሳቃ ሊዘለሉ አይገባም።