አባ ጎርጎርዮስ፦ ከመካነ ሥላሴ የተነሡት የአውሮፓ መምህር

የደቡብ ወሎ ደጋ በቀድሞ ዘመን ቤተ አምሐራ ይባል የነበረው፣ የነገሥታት አድባራትና የአብነት ትምህርት የጸኑበት ምድር አካል ነው። ከእነዚያ አድባራት አንዱ አፄ ናዖድ ያስጀመሩት፣ ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሙት መካነ ሥላሴ ነበር። ስሙ ከቦረናዋ መካነ ሰላም ከተማ ጋር ቢቀራረብም ቦታው ሌላ ነው። ደብሩ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት ቢጠፋም የአገሩ ስም ቀርቶ ነበርና አባ ጎርጎርዮስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1595 በዚያ ተወለዱ።

ጎርጎርዮስ በቤተ ክህነት ትምህርት አድገው የግእዝ ሊቅ ሆኑ። ከካቶሊክ ሚሲዮናውያን ጋር ቅርበት ስለነበራቸው፣ አፄ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን ከአገር ሲያስወጡ እርሳቸውም ለስደት ተዳረጉ። ከብዙ እንግልት በኋላ ሮም ደርሰው፣ በቫቲካን በሚገኘው በቅዱስ እስጢፋኖስ የኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማረፊያ ተቀመጡ።

በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ የ25 ዓመት ጀርመናዊ ወደ ማረፊያው መጣ። በኔዘርላንድ የላይደን ዩኒቨርሲቲ የተማረው ይህ ወጣት ግእዝን ከመጻሕፍት አጥንቶ ነበር፤ ሕያው መምህር ግን አላገኘም። ጎርጎርዮስ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። መግባቢያቸው በመጀመሪያ ግእዝ ሆነ። መነኩሴው የግእዙን ንባብ አቀኑለት፤ አማርኛንም አስተማሩት።

በ1652 የጎታው መስፍን ኧርነስት ወደ ጀርመን አስጠሯቸው። በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ስለ ኢትዮጵያ መልክዓ ምድር፣ አስተዳደር፣ ሃይማኖትና ልማድ ተጠይቀው መለሱ። መልሳቸውም ተጻፈ። የዩኒቨርሲቲ ወንበር ያልነበራቸው መነኩሴ የአንድን አገር ሕዝብና መንግሥት ለሌላው አገር ምሁራን አስረዱ። ከተለያዩ በኋላም በግእዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር።

አባ ጎርጎርዮስ ግን ድካማቸው በመጽሐፍ ሲወጣ አላዩም። በ1658 በሶርያ ጠረፍ አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ውስጥ ሰጥመው ሞቱ። ሦስት ዓመት ቆይቶ የሉዶልፍ የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ታተመ። በ1681 ስለ አገሩ ተፈጥሮ፣ ስለ መንግሥቱ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑና ስለ ሕዝቡ ኑሮ በአራት ክፍል የሚተርከው የኢትዮጵያ ታሪክ ወጣ፤ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ተከተሉ። በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት መሠረት የተጣለው በእነዚህ መጻሕፍት ነው።

ሉዶልፍ ዕውቀቱን ከማን እንዳገኘ አልደበቀም። የመምህሩን ስም ጠቅሷል፤ ሥዕላቸውንም አሳትሟል። ይህን ባያደርግ ኖሮ የጎርጎርዮስ ስም ከመርከባቸው ጋር በሰጠመ ነበር።

ዛሬም በዚህ ደጋ የአፈሩን ጠባይ፣ የዘሩን ዓይነትና የሽምግልናውን ሥርዓት በቃላቸው የያዙ አባቶችና እናቶች አሉ። ተመራማሪዎችም እየመጡ ይጠይቋቸዋል። ዕውቀቱ ሲጻፍ የባለቤቱም ስም አብሮ ሊጻፍ እንደሚገባ የመካነ ሥላሴው መነኩሴ ታሪክ ያስገነዝባል።