እቴጌ ጣይቱና ፍልውሃ፦ የሙቀት ሕክምና ጥቅምና ወሰን

ጣይቱ ብጡል በ1840ዎቹ ዓ.ም. ገደማ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ከታላላቅ መሳፍንት ወገን ተወለዱ። በ1875 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን አገቡ። የቤተ መንግሥቱ መቀመጫ የነበረው የእንጦጦ ተራራ ብርዳማ ስለነበር ቤተ መንግሥቱም መኳንንቱም ከተራራው ግርጌ ወደሚፈልቀው ፍልውሃ ለመታጠብ ይወርዱ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ሐረር በዘመቱበት ወቅት ጣይቱ በፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። የአገሪቱ መዲና መነሻ እንግዲህ መታጠቢያ ነበር።

ፍል ውሃ በሰውነት ላይ የሚሠራው ሥራ በዘመናዊ ጥናት ይታወቃል። በዕረፍት ላይ ያለ ሰው የቆዳ ሙቀት ወደ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። ይህ ሙቀት ከፍ ሲል በቆዳ ውስጥ ያሉ የነርቭ ጫፎች መልእክቱን በሕብለ ሰረሰር በኩል ወደ አንጎል ያደርሳሉ፤ በምላሹም የቆዳ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ላብ ይመነጫል፣ የጡንቻ ውጥረት ይላላል፣ ሕመምም ለጊዜው ይቀንሳል። ቻይናውያን የአሪቲ ዘመድ የሆነ ተክል በቆዳ አጠገብ እያጨሱ የሚሰጡት ጥንታዊ ሕክምናም የሚጀምረው ከእነዚሁ የነርቭ ጫፎች ነው። ሙቀቱ ከ43 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ግን የሕመም ነርቮች ይነሣሉ፤ ሕክምናውም ወደ ቃጠሎ ሊያመራ ይችላል።

ጣይቱ የውሃን ኃይል በጦር ሜዳም አሳይተዋል። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ የመሸገው የጣሊያን ጦር የውሃ ምንጩ እንዲያዝበት ያደረገው ዕቅድ የእርሳቸው እንደሆነ ይነገራል፤ ምሽጉም ተለቀቀ። በዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን ከራሳቸው ጦር ጋር በዓድዋ ተሰለፉ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ዐፄ ምኒልክ በተደጋጋሚ በስትሮክ ተመቱ። እቴጌይቱ ባለቤታቸውን እያስታመሙ የመንግሥቱን ሥራ በእጃቸው አደረጉ። እዚህ ላይ የሙቀት ሕክምና ወሰኑ ይታያል፦ የቆዳን ነርቭ የሚያነቃቃው ሙቀት ደም አጥቶ የሞተውን የአንጎል ክፍል አይመልስም። የንጉሠ ነገሥቱ ሕመም የእቴጌይቱንም ሥልጣን ይዞ ሄደ፤ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው፤ እንደራሴነቱም የደቡብ ምዕራቡ ገዥ፣ የጎሬው ራስ ተሰማ ናደው፣ እጅ ገባ።

ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ጣይቱ ወደ እንጦጦ ተመለሱ፤ በየካቲት 1910 ዓ.ም. በዚያው አረፉ። በፍል ውሃው ዳር የተከሉት ከተማ ከተራራው ግርጌ እየሰፋ ሳለ፣ የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉት ቀድሞ ትተውት በወረዱት ብርድ ውስጥ ነበር።