እቴጌ ጣይቱና የእንጦጦው ቤት

ባለፈው ዓመት፣ የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ፣ አባቴ ቤተ ሰቡን ሁሉ ይዞ ወደ እንጦጦ ወጣ። አያቴም አብረውን ነበሩ። እንጦጦ ማርያምን ተሳልመን ሙዚየሙንና የዳግማዊ ምኒልክን አሮጌ ቤተ መንግሥት ለማየት ሄድን። ቤተ መንግሥት ሲባል በሐሳቤ የሣልሁት የጎንደርን ግንብ የመሰለ ነበር፤ ያገኘሁት ግን በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ግድግዳው በነጭ የተቀባ ቤት ነው። ታናሽ ወንድሜ የንጉሥ ቤት መሆኑን ተጠራጥሮ አስጎብኚውን ሁለት ጊዜ ጠየቀው። አያቴ ግን ጥቂት ዐረፍ ካሉ በኋላ ሌላ ነገር ጠየቁ፤ እቴጌ ጣይቱ በመጨረሻ ዘመናቸው እዚህ ተራራ ላይ ሲኖሩ ማን እየመጣ ይጠይቃቸው እንደ ነበር። የመለሰላቸው ሰው አልነበረም። እኔም ጥያቄው ከልቤ ስላልወጣ የእቴጌይቱን ታሪክ ሳነብ ከረምሁ። ያገኘሁትንም ለመጽሔታችን አንባብያን በአጭሩ አቀርባለሁ።

ጣይቱ ብጡል ከሰሜንና ከየጁ መሳፍንት ወገን የተወለዱ ናቸው። ሴት ልጅ ፊደል በማትቆጥርበት ዘመን ማንበብና መጻፍ ተምረዋል፤ ግእዝ ያውቁ፣ በገናም ይደረድሩ ነበር። በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ከንጉሥ ምኒልክ ጋር በቁርባን ተጋቡ። በ1882 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ምኒልክ በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ፣ እርሳቸውም ከሁለት ቀን በኋላ የእቴጌነት ዘውድ ጫኑ።

እንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው በመሆኑ ብርዱ ከባድ ነው፤ የማገዶ እንጨትም እያነሰ ሄዶ ነበር። ስለዚህ እቴጌይቱ ከተራራው በታች ያለውን የፍል ውኃ ሜዳ ወደዱት። በ1879 ዓ.ም. በዚያ ቤት እንዲሠራ አድርገው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። በኋላም በከተማይቱ የመጀመሪያውን ሆቴል ያቋቋሙ እርሳቸው ናቸው።

በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛና በኢጣልያንኛ የተለያየ ሆኖ ተገኘ። የኢጣልያንኛው ቃል ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር የምትነጋገረው በኢጣልያ በኩል ብቻ እንዲሆን የሚያስገድድ ነበር። ይህን አጥብቀው ከተቃወሙት ዋናዋ እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ጦርነት በመጣ ጊዜም ሠራዊታቸውን ይዘው ዘመቱ። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ የመሸገው የጠላት ጦር ውኃ የሚቀዳበት ምንጭ እንዲያዝ ያደረጉ እርሳቸው ናቸው፤ ጠላትም በውኃ ጥም ተጨንቆ ምሽጉን ለቀቀ። በዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን በዐድዋ ድል ሲሆን ከጦሩ ጋር ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ግን ያሳዝናል። ንጉሠ ነገሥቱ በታመሙ ጊዜ የመንግሥቱ ሥራ በእቴጌይቱ እጅ ገባ። መኳንንቱም ይህን ስላልወደዱ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከሥልጣን አስወጧቸውና ባላቸውን ከማስታመም በቀር ሌላ ሥራ እንዳይኖራቸው አደረጉ። እርሳቸውም አስታመሙ። ወደ አራት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ከአልጋው አጠገብ ቆዩ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ወደ እንጦጦ ተላኩ። ከንጉሡ የወለዱት ልጅ አልነበራቸውም። በመጨረሻም ወደ ጎንደር ሄደው እንዲኖሩ ፈቃድ ቢለምኑ ተከለከሉ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. በእንጦጦ ዐረፉ። ዐፅማቸው በኋላ ፈልሶ አሁን በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም ከባላቸው አጠገብ ይገኛል።

አስባችሁ እንደሆነ፣ እርሳቸው ስም ያወጡላት ከተማ ከዚያ ተራራ ላይ ቁልቁል ትታያለች። ያን ጊዜ እያደገች ስትሄድ በየቀኑ ሳያዩዋት አልቀሩም።

አያቴ በዘመናቸው ሰፊ ቤት ያስተዳደሩ፣ እንግዳ የሸኙ፣ የተጣላ ያስታረቁ ሴት ናቸው። ዛሬ በጓዳ በኩል ባለችው ክፍል ይቀመጣሉ። እኔም ደብተሬን ይዤ በደጃቸው ሳልፍ እግዜር ይስጥልኝ የሚያሰኝ ሰላምታ እንኳ የማልሰጥበት ቀን ብዙ ነበር። በእንጦጦ የጠየቁት ጥያቄ ስለ እቴጌይቱ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አሁን ማታ ማታ፣ ጥናቴን ከመጀመሬ በፊት፣ ከአጠገባቸው እቀመጣለሁ። ይህን ጽሑፍም አስቀድሜ ያነበብሁት ለእርሳቸው ነው፤ እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰምተው፣ የመቀሌውን ምንጭ ነገር እንድደግምላቸው አዘዙኝ።