መልኩን ሳያዩ የወደዱት፣ ድምፁን ይዘው የተሰናበቱት፦ ወጋየሁ ንጋቱ

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ አሮጌው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ በሚያልፍበት በአቃቂ፣ የኢትዮጵያ ሬዲዮ ታሪክ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተጽፏል። ፋሺስት ጣሊያን ሀገሪቱን ከመውረሩ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1920ዎቹ ማብቂያ፣ የአቃቂ ጣቢያ ሥራውን ጀመረ። የተወረረችው ኢትዮጵያ አቤቱታዋን ለዓለም ያሰማችውም በዚሁ ጣቢያ በኩል ነበር። ከዚያ ወዲህ በሬዲዮ ሞገድ ላይ ብዙ ድምፆች አልፈዋል፤ የመሪዎች ዐዋጅ፣ የጦር ሜዳ ዜና፣ የድምፃውያን ዜማ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተላለፈ እስከ ዛሬ የሚደመጥ አንድ የተራኪ ድምፅ አለ። የድምፁ ባለቤት ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ ነው።

ወጋየሁ በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለደ። ያደገበት ዘመን የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር እግር እየተከለ የሄደበት ዘመን ነበር። የሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ተመሥርቶ ከወረራው በኋላ እንደገና አንሠራርቷል። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ታላቁ አዳራሽ ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ወጋየሁ ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበባት ማዕከል ሲቋቋም፣ ቴአትር በወጣቶች ዘንድ ከትርፍ ጊዜ ማሳለፊያነት ወደ ሙያነት ተሸጋገረ። ጸጋዬ ገብረ መድኅንና መንግሥቱ ለማ ተውኔት በሚጽፉበት፣ ተስፋዬ ገሠሠ በሚያዘጋጅበት፣ ደበበ እሸቱን የመሳሰሉ ተዋንያን ብቅ ባሉበት በዚያ ዘመን፣ ወጋየሁም ከግንባር ቀደሞቹ ተዋንያን አንዱ ሆነ።

በዚያ ዘመን ተዋናይ መሆን እንደ ዛሬው የሚያስከብር ነገር አልነበረም። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ በመድረክ ላይ መታየት ከአዝማሪነት ጋር እየተቆጠረ ይናቅ ነበር። ልጃቸውን አስተምረው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ለማየት የተመኙ ወላጆች፣ ቀለም ተቀብቶ ሌላ ሰው መስሎ ሲታይ ማፈራቸው የተለመደ ነበር። ያ ትውልድ ሙያውን ከዚህ ንቀት ያወጣው በክርክር ሳይሆን በሥራ ነው። ወጋየሁም ለመድረክ ሕይወቱን ከሰጡት አንዱ ነበር።

መድረክ ግን ወሰን አለው። አዳራሹ የሚይዘው የተወሰነ ሰው ነው፤ እርሱም የከተማ ነዋሪ፣ የመግቢያ ዋጋ ያለውና ከመሸ በኋላ ቤቱ የሚገባበት መንገድ የማይቸግረው ነው። የጎጃም ገበሬ፣ የወሎ እረኛ፣ የጎንደር ባልቴት፣ የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ለቴአትር ቤት በር ሩቅ ነበሩ። ወጋየሁን ወደ እነርሱ ያደረሰው ሬዲዮ ነው።

በደርግ ዘመን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከመጻሕፍት ዓለም የሚባለው ዝግጅት ታላላቅ የአማርኛ ልብ ወለዶችን በተከታታይ ማስተረክ ያዘ። ከእነዚያ መጻሕፍት መካከል የክብር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ የጻፉት «ፍቅር እስከ መቃብር» ይገኝበታል። ተራኪውም ወጋየሁ ነበር።

መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ በወጣበት ጊዜ በተማረው ዘንድ ታላቅ ስም አትርፏል። ደራሲው በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ የተወለዱ፣ በፋሺስት ወረራ ዘመን የዘመቱ፣ ተማርከው በጣሊያን ሀገር የታሰሩ፣ ከነጻነት በኋላም በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉ ታላቅ ሰው ናቸው። የልብ ወለዱ ምድር ግን የተወለዱበት ጎጃም ነው። ማንኩሳ ላይ ተነሥቶ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ጉባኤ ይወስዳል፤ ከዚያም በባላባቱ በፊታውራሪ መሸሻ ግቢ ውስጥ ያስገባል። ለቤተ ክርስቲያን የተሳለው የድኻ ልጅ በዛብህ ከባላባቱ ልጅ ከሰብለ ወንጌል ጋር የማይፈቀድ ፍቅር ይይዘዋል። በሌላ ወገን ደግሞ ፊታውራሪው ከልማድ ውጭ ግብር ሲጠይቋቸው እምቢ ያሉ ገበሬዎች አበጀ በለውን መሪ አድርገው ሲነሡ ይታያል። ፍቅሩም ዐመፁም የሚጋጩት ከአንድ ሥርዐት ጋር ነው። ያን ሥርዐት በግልጽ የሚነቅፈው፣ በዘመዶቹም ዘንድ እንደ እብድ የሚቆጠረው ካሳ ዳምጤ ነው፤ ሕዝቡ ግን በቅጽል ስሙ ጉዱ ካሳ እያለ ያውቀዋል።

ችግሩ መጽሐፉ ስለ ገበሬው ቢጻፍም ገበሬው ሊያነብበው አለመቻሉ ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር አብዛኛው የገጠር ሕዝብ ፊደል አልቆጠረም ነበር። የራሱ አባቶች በባላባት ደጅ ያዩት መከራ፣ እናቶቹ በዳኝነት ያጡት ፍትሕ በወፍራም መጽሐፍ ገጾች ውስጥ ተጽፎ፣ እርሱ ግን ከደጅ ቆሞ ነበር። ወጋየሁ በትረካው ያን በር ከፈተው።

የሬዲዮ ትረካ ለተዋናይ ከባድ ፈተና ነው። በመድረክ ላይ ልብስ አለ፤ መብራት አለ፤ የእጅና የፊት እንቅስቃሴ አለ፤ በተለይም ደግሞ አብሮ የሚጫወት ሌላ ሰው አለ። በስቱዲዮ ውስጥ ያለው ወረቀትና ማይክሮፎን ብቻ ነው። ወጋየሁ ብቻውን ሁሉንም ሆነ። የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢት ሲናገር ድምፁ ይገዝፋል፤ የሰብለ ወንጌልን ዐይናፋርነት ሲያነሣ ይለዝባል፤ የበዛብህን ጭንቀት ሲነግር ይሰበራል። ጉዱ ካሳ ሲመጣ ደግሞ ድምፁ ይፈጥናል፤ ምጸቱና ቁጣው ተቀላቅለው ይወጣሉ። አድማጩ የሚናገረው ማን እንደ ሆነ ስሙ ሳይጠራ ያውቀዋል። ከሁሉ በላይ ግን ዝምታን የት ማስገባት እንዳለበት ያውቅ ነበር። ሐዘን በሚመጣበት ቦታ ላይ አይቸኩልም፤ አድማጩ ራሱ እስኪደርስበት ይጠብቃል።

ያን ጊዜ ሬዲዮ የአንድ ቤት ብቻ ንብረት አልነበረም። በአንድ መንደር ያለችው አንዲት ሬዲዮ የጎረቤት ሁሉ ነበረች። ድንጋይዋ ሲደክም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ዳግም ይሞከራል፤ የትረካው ሰዓት እንዳያልፍ ሥራ ቀድሞ ይጠናቀቃል። የዕለቱ ክፍል ሲያልቅ ወሬው አያልቅም፤ ሰብለ ወንጌል እንደ መንደር ልጅ ትታዘናለች፤ ፊታውራሪው እንደ ጎረቤት ይታማል። ከጎጃም ተነሥቶ ለፋብሪካ ሥራ ወደ አዲስ አበባ ዳርቻ ለመጣ ሰው ደግሞ ማንኩሳንና ዲማን በሬዲዮ መስማት የሀገሩን አፈር እንደ ማሽተት ነው።

የታሪኩ ፍጻሜ ስሙ እንደሚናገረው መቃብር ነው። በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌልና ካሳ ዳምጤ በሕይወት ያልፈቀደላቸውን አንድነት በሞት አገኙት። ወጋየሁ ያን ፍጻሜ ሲተርክ ያደመጡ ብዙዎች በልብ ወለድ ሰዎች ላይ እንባቸውን አፍስሰዋል። እንዲህ አድርጎ ያስለቀሳቸውን ሰው ግን አብዛኞቹ አይተውት አያውቁም። ቴሌቪዥን በጥቂት የከተማ ቤቶች ብቻ በነበረበት ዘመን፣ ለገጠሩ አድማጭ ወጋየሁ መልክ አልነበረውም፤ ድምፅ ብቻ ነበር። በመንገድ ቢያልፍ የሚያውቀው አይኖርም፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢናገር ግን ሰው ሁሉ ዞር ይል ነበር።

ወጋየሁ ንጋቱ በ1982 ዓ.ም. በ46 ዓመቱ ዐረፈ። ለመድረክ ሰው ይህ ዕድሜ ችሎታ የሚበስልበት፣ የአባትና የሽማግሌ ሚናዎች ገና የሚጀምሩበት ነው። በቴአትር ቤት ያዩት ሰዎች ፊቱን፣ አረማመዱንና የእጁን እንቅስቃሴ አስታውሰው ተሰናበቱት። በሬዲዮ ብቻ ያወቁት ግን የሚያስታውሱት መልክ አልነበራቸውም። ሐዘናቸው ግራ የሚያጋባ ሐዘን ነበር፤ አይተውት በማያውቁት ሰው ሞት ቤተሰባቸውን እንዳጡ ሆኑ። በአንድ ሰው ሞት ውስጥ ጉዱ ካሳም፣ በዛብህም፣ ሰብለ ወንጌልም ዳግመኛ የሞቱ መሰላቸው።

እንዲህ ያለው ስንብት በሌላው ዓለምም ታይቷል። በካናዳ የአልበርታ ግዛት ውስጥ በስንዴ እርሻ የምትተዳደር ቨልካን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ስሟ ስታር ትሬክ በተባለው የአሜሪካ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ተከታታይ ፊልም ውስጥ ካለች የምናብ ፕላኔት ስም ጋር ተመሳሰለ። በዚያ ፊልም ከ1966 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. የዚያችን ፕላኔት ሰው ስፖክን ሆኖ የተጫወተው ሊዮናርድ ኒሞይ በ2010 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ሲጎበኝ፣ ነዋሪዎቹ እንደ ሀገር ልጅ ተቀበሉት። በየካቲት 2007 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜም በቨልካን ሐዘኑ የሩቅ ሰው ሐዘን አልሆነም። የስንዴ ገበሬዎች ከተማ ከሕዋ የመጣን የምናብ ሰው፣ የጎጃም ገበሬ ደግሞ በመጽሐፍ ውስጥ የሚኖረውን ጉዱ ካሳን እንደ ዘመድ ቈጠሩ። የሁለቱም ምክንያት አንድ ነው፤ ጥሩ ተዋናይ ያልነበረን ሰው የሚያውቁት ዘመድ ያደርገዋል።

በሁለቱ መካከል ግን ልዩነት አለ። ኒሞይ በፊልም ላይ ፊቱም ድምፁም ቀርቷል። ወጋየሁን ካሳወቀው የመድረክ ሥራው አብዛኛው ግን መጋረጃው በተዘጋ ቁጥር ዐብሮ አልፏል፤ የዘመኑ ቴአትር እምብዛም አይቀረጽም ነበር። አንድ የተዋጣለት ተዋናይ በመድረክ ላይ ያፈሰሰውን ላብ የሚመሰክሩት ያዩት ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም እያለፉ ነው። ለመጪው ትውልድ በእርግጠኝነት የተረፈው በሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ክር ላይ የተቀረጸው ትረካ ነው። ያ ክር ቢበላሽ ወይም ቢጣል ኖሮ ወጋየሁ ዛሬ ስም ብቻ በሆነ ነበር። ከሬዲዮ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከዚያም ወደ ስልክ እየተገለበጠ እስከ ዛሬ መድረሱ የድምፅ መዛግብትን መጠበቅ ለአንድ ሀገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳያል። ብዙዎች የሙያ ጓደኞቹ ያን ዕድል አላገኙም።

ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ወጋየሁ ካረፈ በኋላ ከዐሥር ዓመት በላይ ኖረው በ1996 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ዛሬ መጽሐፉን በእጁ ይዞ የሚያነብ ወጣት እንኳ፣ ትረካውን አንድ ጊዜ ሰምቶ ከሆነ፣ ፊደሎቹን በወጋየሁ ድምፅ ነው የሚሰማቸው። የጽሑፉ ክብር የደራሲው ነው፤ ነገር ግን ፊደል ላልቆጠረው ሕዝብ መጽሐፉን የሰጠው ተራኪው ነው።

የአቃቂ የመጀመሪያው ጣቢያ ዘመን ካለፈ ብዙ ዓመታት ተቈጥረዋል። ሬዲዮን በትከሻቸው ተሸክመው በሬ ያረሱ አባቶችም ብዙዎቹ የሉም። ልጆቻቸው ግን በእርሻ ማሳ ላይም፣ ከአቃቂ ቃሊቲ ወደ መሐል ከተማ በሚወስደው ታክሲ ውስጥም፣ ያንኑ ትረካ በስልካቸው ከፍተው ያደምጣሉ። አባቶቻቸው በ1982 ዓ.ም. የተሰናበቱት ሰው፣ ለእነርሱ በእያንዳንዱ ክፍል መጀመሪያ ላይ እንደ አዲስ ይመጣል።