ቢያትሪስ ቲንስሊና የጋላክሲዎች ዕድሜ

በሥነ ፈለክ ታሪክ የምርምር ዘመናቸው ከአሥራ አምስት ዓመት እምብዛም ሳያልፍ የአንድን የጥናት መስክ መልክ ለውጠው ያለፉ ሊቃውንት ጥቂቶች ናቸው። ፕሮፌሰር ቢያትሪስ ቲንስሊ ከእነዚህ አንዷ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቢያትሪስ ሂል በ1941 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በቼስተር ከተማ ተወለዱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤተ ሰቡ ወደ ኒውዚላንድ ተሻገረ። አባታቸው ቄስ ነበሩ፤ ኋላም የኒው ፕሊመዝ ከተማ ከንቲባ ሆነዋል። ቢያትሪስ በክራይስትቸርች በካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምረው፣ በ1961 የፊዚክስ ባለሙያ የሆኑትን ብራያን ቲንስሊን አገቡ። በ1963 ባለቤታቸው በቴክሳስ፣ በዳላስ ከተማ የምርምር ሥራ በማግኘታቸው ሁለቱም ወደ አሜሪካ አቀኑ።

በዳላስ ለባልየው የተዘጋጀ የሥራ ቦታ ነበር፤ ለሚስቲቱ ግን አልነበረም። ስለዚህ በ1964 ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው፣ በኦስቲን ባለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመዝግበው፣ ያን ያህል መንገድ እየተመላለሱ የዶክትሬት ጥናታቸውን ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ፈጸሙ።

የዚህን ጥናት ክብደት ለመረዳት የዘመኑን ክርክር ማስታወስ ያስፈልጋል። አለን ሳንዴጅን የመሳሰሉ ሊቃውንት የአጽናፈ ዓለም መስፋፋት አንድ ቀን ይገታ እንደሆነ ለማወቅ ግዙፎቹን ሞላላ ጋላክሲዎች እንደ መለኪያ ፋኖስ ይጠቀሙባቸው ነበር። የፋኖሶቹ ብርሃን እኩል ከሆነ፣ ደብዝዞ የሚታየው የራቀው ነው። ወጣቷ ተመራማሪ ግን ፋኖሶቹ በእርግጥ እኩል መሆናቸውን ጠየቁ። ከሩቅ ጋላክሲ ዛሬ የሚደርሰን ብርሃን ከብዙ ዘመን በፊት የተነሣ ነውና፣ የምናየው ጋላክሲውን በወጣትነቱ ነው። ግዙፎቹ ሰማያዊ ከዋክብት ቶሎ ነደው ያልቃሉ፤ ትንንሾቹና ቀያዮቹ ይቀራሉ፤ አዲስ ከዋክብት ካልተወለዱም ጋላክሲው ከዘመን ወደ ዘመን እየደበዘዘ ይሄዳል። ይህ ለውጥ ሳይታሰብ የሚደረግ ልኬት ስለ አጽናፈ ዓለም ዕጣ የተሳሳተ ፍርድ ያሰጣል። ነገሩ በታላላቆቹ ዘንድ በቀላሉ አልተዋጠም፤ በመጨረሻ ግን ሁሉም የሚያሰላው ሆነ።

የስሌታቸው ልብ ጋዙ ነው። ጋላክሲን እንደ ጎተራ ማሰብ ይቻላል። በውስጡ ያለው ጋዝ ተሰብስቦ ከዋክብትን ይወልዳል፤ ከዋክብቱም ሲሞቱ ከፊሉን ጋዝ፣ በውስጣቸው በተሠሩት እንደ ኦክሲጅንና ብረት ባሉ ንጥረ ነገሮች አበልጽገው ይመልሱታል። በ1978 ከሪቻርድ ላርሰን ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ጋላክሲዎች ቀለም በአጭር ጊዜ የተፈጸመ ብርቱ የከዋክብት ልደት ምልክት መሆኑን አሳዩ። በ1980 ደግሞ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር፣ ጠምዛዛ ክንፍ ያላቸው ጋላክሲዎች ዛሬ በሚወጡበት ፍጥነት ጎተራቸው በጥቂት ቢሊዮን ዓመታት ባዶ እንደሚሆን አሰሉ። ይህ ከዕድሜያቸው ያነሰ ነው፤ እንግዲያው ከውጭ የሚገባላቸው ጋዝ መኖር አለበት። ያ የውጭ ጋዝ አስቀድሞ የተቋረጠባቸው ምስር መሰል ጋላክሲዎች ይሆናሉ የሚለው አሳባቸው እስከ ዛሬ ተመራማሪዎችን ያሠራል። በቺሌ በአታካማ በረሃ የተተከሉት የራዲዮ አንቴናዎች ከዐሥር ቢሊዮን ዓመት በፊት የነበሩ ጋላክሲዎች ከዛሬዎቹ ይልቅ እጅግ ብዙ የቀዘቀዘ ጋዝ እንደነበራቸው ሲያሳዩ፣ ጥያቄው የተነሣው ከእኒህ ሴት ወረቀት ላይ ነው ማለት ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ባልና ሚስቱ ሁለት ልጆች በጉዲፈቻ አሳድገዋል። ቢያትሪስ በቤታቸውና በሥራቸው መካከል ለዓመታት ተወጠሩ። በዳላስ ለሚከፈት የሥነ ፈለክ ክፍል ዕቅድ እንዲነድፉ ተጠይቀው ነደፉ፤ ክፍሉን ለመምራት ያቀረቡት ማመልከቻ ግን መልስ እንኳ ሳያገኝ ቀረ። በ1974፣ የአኒ ጃምፕ ካነን ሽልማትን በተቀበሉበት ዓመት፣ ትዳራቸውን ፈቱ፤ ልጆቹም ከአባታቸው ዘንድ ቀሩ። በ1975 ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ይህን ውሳኔ ማውገዝም ማወደስም ቀላል ነው። ዋጋውን እርሳቸው ብቻ ሳይሆኑ ልጆቹም ከፍለዋል። ነገር ግን ለትምህርት ብሎ ቤቱን የተወ ወንድ ሊቅ ታሪክ ሲጻፍ ስለ ልጆቹ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም።

በ1978 በዬል የሥነ ፈለክ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በዚያ ክፍል ለዚህ ማዕረግ የበቁ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በዚያው ዓመት ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር እንደያዛቸው ታወቀ። ሥራቸውን አላቋረጡም። በ1980 ስለ ጋላክሲዎች ከዋክብትና ጋዝ ዝግመተ ለውጥ ያወጡት ሰፊ ጽሑፍ የመስኩ መማሪያ ሆነ። በሽታው ቀኝ እጃቸውን ሲያሰንፈው በግራቸው መጻፍ ተለማመዱ። መጋቢት 23 ቀን 1981 በአርባ ዓመታቸው ዐረፉ። በፀሐይ አካባቢ ያለው ጋዝ ከትውልድ ወደ ትውልድ በንጥረ ነገር ስለሚበለጽግበት ሁኔታ በግራ እጃቸው የጻፉት የመጨረሻ ጥናት የታተመው ከሞቱ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ነው።