ዣን ስታስና የቢትርሞን መርዝ

ዣን ሰርቬ ስታስ እ.ኤ.አ. በ1813 ዛሬ ቤልጂግ በምትባለው አገር፣ በሉቨን ከተማ ተወለዱ። የተማሩት ሕክምና ቢሆንም ልባቸው ወደ ኬሚስትሪ አደላ። ፓሪስ ሄደው በስመ ጥሩው ዱማ ቤተ ሙከራ ከሠሩ በኋላ፣ በ1840 በብሩክሰል የጦር ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ሆኑ። የዓለም ሳይንቲስቶች የሚያከብሯቸው የአተሞችን ክብደት በረቀቀ ጥንቃቄ በመለካታቸው ነው። የመድኃኒትና የመርዝ ባለሙያ ግን ከዚህ ይልቅ በአንድ የግድያ ክስ ያስታውሳቸዋል።

በኖቬምበር 1850 በቢትርሞን ግንብ ውስጥ ጉስታቭ ፉኚ የተባለ፣ አንድ እግሩ የተቆረጠ በሽተኛ ሰው በእህቱ ቤት ማዕድ ከቀረበ በኋላ ሞተ። የእህቱ ባል ኮንት ቦካርሜ በዕዳ የተዘፈቀ ሰው ነበር፤ የሟቹም ሀብት የሚያልፈው ወደ እህቱ ነው። የሟቹ አፍና ጉሮሮ ተቃጥሎ፣ ሰውነቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸት ስለ ነበር፣ መርማሪው ዳኛ የአስከሬኑን ክፍሎች በአልኮል አስቀምጦ ወደ ስታስ ላከ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። አርሴኒክን ከአስከሬን ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ከ1836 ጀምሮ ይቻል ነበር፤ የዕፅዋት መርዝ ግን ከሥጋው ጋር ተዋሕዶ ስለሚጠፋ ሊነጥለው የቻለ አልነበረም። ስታስ ኮምጣጤው ሌላ ነገር ለመሸፈን የፈሰሰ መሆኑን ጠረጠሩ። መርዙ አሲድ ባለበት ውሃና አልኮል ውስጥ ይሟሟል፤ አሲዱ በአልካሊ ሲሻር ደግሞ ወደ ኤተር ይሻገራል። ኤተሩ ተንኖ ሲያልቅ በሳሕኑ ላይ የትምባሆ ሽታ ያለው፣ ምላስ የሚያቃጥል ዘይት መሰል ፈሳሽ ቀረ። ይህም በ1828 በሃይደልበርግ ከትምባሆ ቅጠል ተነጥሎ የታወቀው ኒኮቲን ነበር። ኮንቱ ራሱ ትምባሆ እያጣራ ኒኮቲን ሲያወጣ መክረሙም ተረጋገጠ። በጁላይ 1851 በሞንስ ከተማ አንገቱ ተቀላ፤ ሚስቱ በነፃ ተለቀቀች።

የሲጋራ ጢስ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙ በመነገሩ፣ ጢሱ ሲቀር ኒኮቲኑን እንደ ገር ነገር የሚቈጥሩ አሉ። የቢትርሞኑን ሟች ግን የገደለው ጢስ አይደለም። ኒኮቲን የነርቭ ቋጠሮዎችን መጀመሪያ ያነቃቃል፤ መጠኑ ሲበዛ ያደነዝዛቸዋል፤ በመጨረሻም የመተንፈሻ ጡንቻዎች ይዝላሉ። በቆዳም ስለሚገባ፣ በጤዛ የራሰ የትምባሆ ቅጠል የሚለቅሙ ሠራተኞች ሳያጨሱ ያስመልሳቸዋል፤ ራሳቸውንም ያዞራቸዋል። ማጨስ ለማቆም በሚታኘክ ማስቲካ ወይም በቆዳ ላይ በሚለጠፍ መድኃኒት ተመጥኖ ሲሰጥ ይጠቅማል። ያው ንጥረ ነገር ለኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በጠርሙስ ተሞልቶ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ፣ ሕፃን ቢጠጣው ሊሞት ይችላል።

ስታስ በጉሮሮ ሕመም ድምፃቸው ስለ ደከመ በ1869 ማስተማሩን ተዉ። ቀጥሎ በመንግሥት የገንዘብ ማተሚያ ቤት ቢሾሙም፣ በገንዘብ ፖሊሲው ስላልተስማሙ በ1872 ሥልጣኑን ለቀቁ። በ1891 በብሩክሰል ዐረፉ። ጀርመናዊው ኦቶ ያሻሻለው የመርዝ መለያ ዘዴያቸው እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል።